ሸካራው ሸራና ለስላሳው ፓስቴል፦ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

ለስላሳ የፓስቴል ቀለሞቹንና (ፓስቴል እንደ ጠመኔ በቁራጭ የሚሠራ ደረቅ ቀለም ነው) ሸካራውን የተወጠረ ሸራ የገዛሁት በአንድ ጊዜ፣ ለአንድ ዓላማ፣ ማለትም መልክዓ ምድር ለመሣል ነበር። ከወራት በኋላ ግን ስለ ሁለቱ ያለኝ አስተያየት ፈጽሞ ተለያይቷል። ቀለሞቹን ደግሜ እገዛቸዋለሁ። ሸራውን ግን በተሸጠበት ሁኔታው ለፓስቴል ሥራ አልገዛውም፤ ምክንያቱ ደግሞ ሰማይ አለመያዙ ነው።

በፓስቴል ሲሣል ብናኙ ወደ ታች ስለሚወርድ ሥራው ከላይ፣ ከሰማዩ ቢጀመር ይመረጣል። ፈዛዛውን ሰማያዊ ቁራጭ በጎኑ አስተኝቼ በሸራው ላይ ስስበው፣ ቀለሙ በድርና በማጉ ጉብታዎች አናት ላይ ብቻ ተቀመጠ፤ በመካከላቸው ያሉት ጎድጓዶች ነጭ ሆነው ቀሩ። ከተራሮቹ በላይ ጥርት ብሎ መታየት የነበረበት ሰማይ የወንፊት መልክ ያዘ። በጣት ሲታሽ ጎድጓዶቹ በከፊል ይሞላሉ፤ ነገር ግን ለስላሳ ፓስቴልን ተወዳጅ የሚያደርገው ያ ብሩህነት አብሮ ይጠፋል። ሁለተኛ ንብርብር ሲጨመር ደግሞ አዲሱ ቀለም በመያዝ ፈንታ የመጀመሪያውን እየነቀለ አብሮት ይረግፋል። በሌሎቹ ሸራዎችም ላይ የሆነው ይኸው ነው።

የሻጩን መልስ ከወዲሁ እሰማዋለሁ፦ «ፓስቴል ሻካራ ነገር ይወዳል፤ ሸራው ሻካራ ነው፤ ታዲያ ምን ጎደለው?» የጎደለው ስለታም ደቃቅ ቅንጣት ነው። ለስላሳ ፓስቴል አብዛኛው የቀለም ዱቄትና ጠመኔ መሰል መሙያ ሲሆን፣ ቅርጹን ይዞ እንዲቆይ ብቻ እጅግ ጥቂት ሙጫ ይጨመርበታል። እንደ ዘይት ቀለም አይጠጥርም፣ በውኃ እንደሚቀጥነው ፕላስቲክ መሰል ቀለም፣ እንደ አክሪሊክም፣ ሽፋን አይሠራም፤ በሥዕሉ ላይ የሚቆየው እያንዳንዱ ቅንጣት በሥሩ ባለው ገጽ ጥቃቅን ሻካራዎች ሲያዝ ነው። ለፓስቴል ተብለው የሚሠሩት ጥሩ ወረቀቶች አሸዋ መሰል ደቃቅ ዱቄት የሚለበጥባቸው በዚህ ምክንያት ነው። የሸራው ሸካራነት ግን የክር ጉብታ ነው፤ ላዩ ላይ የተቀባው አክሪሊክ ጄሶ፣ ማለትም ሸራ ለቀለም የሚዘጋጅበት ነጭ ቅብ፣ ደግሞ ያንኑ ጉብታ አለስልሶታል። ለመዳፍ የሚሻክረው ይህ ገጽ ለቀለሙ ቅንጣት ሙልጭልጭ ነው። ማሸጊያው «ለሁሉም ዓይነት ቀለም» ማለቱ ዛሬም ያስቆጣኛል። ለዘይትና ለአክሪሊክ እውነት ነው፤ ለፓስቴል ግን እውነት የሚሆነው ገዢው በራሱ ድካምና ወጪ ሌላ ንጣፍ ከቀባበት በኋላ ነው።

«እንግዲያውስ ፊክሳቲቭ ንፋበት» መባሉም አይቀርም። ፊክሳቲቭ፣ ማለትም ዱቄቱ እንዳይረግፍ በሥዕል ላይ የሚነፋው ማጣበቂያ ፈሳሽ፣ በቅንጣቶቹ መካከል ያለውን ክፍተት ስለሚሞላ ብርሃን እንደ ቀድሞው አይበተንም፤ ቀለሙም ይጠቁራል። ከሁሉ ይልቅ የሚጎዱት ነጩና ፈዛዛዎቹ ናቸው፤ እነዚህ ደግሞ ሰማይና ደመና የሚሣልባቸው ናቸው። በዚያ ላይ የተወጠረ ሸራ ይርገበገባል። ጫን ሲሉት ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ከኋላው ያለው እንጨት ጋ ሲደርስ ሰማዩ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ያትማል፣ ከቦታ ቦታ ሲዘዋወርም በትንሽ ንቅናቄ ዱቄቱን ያራግፋል።

ፓስቴልና ሸራ ጨርሶ አይስማሙም ማለቴ አይደለም። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ሞሪስ ካንተን ዴ ላ ቱር እ.ኤ.አ. በ1755 ለሕዝብ ያቀረበውና ዛሬ በፓሪሱ ሉቭር ሙዚየም የሚገኘው፣ የንጉሥ ሉዊ 15ኛ ውሽማ የነበረችው የማዳም ዴ ፖምፓዱር ትልቅ ሥዕል በፓስቴል የተሠራ ሲሆን፣ ከሥሩ ሸራ አለ። ይሁን እንጂ ቀለሙ ያረፈው በሸራው ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ነው። የሸራው ድርሻ ወረቀቱን መደገፍ ነበር፤ ለእኔ የተሸጠልኝ ሸራ ግን የወረቀቱንም ሥራ እንዲሠራ ተጠብቆበታል።

የቀሩትን ሸራዎች ያዳንኳቸው እንዲህ ነው። በጄሶ ውስጥ ፑሚስ የሚባለውን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ደቃቅ ዱቄት ቀላቅዬ፣ በስሱ ሁለት ጊዜ፣ ብሩሹን በተለያየ አቅጣጫ እየሳብሁ ቀባኋቸው፤ ድብልቁ ላይም ሞቅ ያለ ቡናማ አክሪሊክ ስለጨመርሁ ሳይሸፈን የሚቀረው ጎድጓድ ነጭ መሆኑ ቀረ። ከጀርባ፣ በእንጨቶቹ መካከል፣ ጠንካራ ካርቶን ሲገባበት መርገብገቡ ቆመ። የመጀመሪያውን የፓስቴል ንብርብር በአልኮል በተነከረ ብሩሽ ስዳስሰው ቀለሙ ወደ ጎድጓዶቹ ገባ፤ አልኮሉም ቶሎ ስለሚተን ሥራው አልተስተጓጎለም። በዚህ መንገድ የተሠራው ሰማይ ጸንቷል። ሆኖም ይህ ሁሉ የእኔ ሥራ እንጂ የሸራው ብቃት አይደለም።

ፍትሕ ለማጓደል አልፈልግምና አንድ ነገር ልጨምር። ቋጥኝ፣ የደረቀ ሣርና የዛፍ ቅርፊት ሲሣሉ ያው የክር ጉብታ ድንቅ ነገር ይሠራል፤ ግራጫው ቁራጭ ቀለል ተደርጎ አንዴ ሲሳብ የድንጋዩ ገጽ ራሱ ብቅ ይላል፤ ይህን ያህል ሕያው ቋጥኝ በወረቀት ላይ አግኝቼ አላውቅም። ሙሉ ገደል ለሚሥል ሰው ሸራው ሊመቸው ይችላል። የእኔ ሥዕሎች ግን ከግማሽ በላይ ሰማይ ናቸው።

ቀለሞቹ ጥሩ ናቸው፤ ብሩሃን ናቸው፣ በእጅ ላይ አይፈረካከሱም። ጥቁር አረንጓዴና ጥቁር ሐምራዊ ስላነሷቸው የጫካውን ጥላ ለመሥራት ለብቻ መግዛት ግድ ሆኖብኛል። ብናኙን በአፍ እፍ ማለት አይገባም፤ አንዳንዶቹ ቀለሞች ካድሚየም የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖርባቸው ስለሚችል ጭምብል ማድረግ ያስፈልጋል። ያለቀውም ሥዕል ገጹን ከማይነካ መስታወት ጀርባ በፍሬም መግባት አለበት።

ከእንግዲህ ለፓስቴል የምገዛው ቅንጣት የተለበጠበትንና በጠንካራ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ነው፤ የተረፉኝን ሸራዎች ለአክሪሊክ አውያቸዋለሁ። ሸራውን የሚሸጡ ሰዎች ደግሞ ማሸጊያው ላይ «ለፓስቴል ተጨማሪ ንጣፍ ያስፈልገዋል» የምትል አንዲት መስመር ሊያክሉበት ይገባል፤ ገዢው ይህን ከመግዛቱ በፊት የማወቅ መብት አለው።