ከሰሜን ሸዋ የምንልካቸውን የአንገት ካንሰር ታካሚዎች ለሚያክሙ የጨረር ባለሙያዎች፦ ምስጋና እና ጥቆማ

ከደብረ ብርሃን፣ ከሸዋ ሮቢት፣ ከመሐል ሜዳና ከዓለም ከተማ ሪፈር ጽፈን አዲስ አበባ የምንልካቸውን የጭንቅላትና የአንገት ካንሰር ታካሚዎች ለሚቀበሉት የራዲዮቴራፒ ቴክኖሎጂስቶች ከልብ እናመሰግናለን። ወረፋው የቱንም ያህል ቢረዝም፣ የታካሚው አተኛኘት በምስል ታይቶ ካላሳመናቸው ጨረሩን አይለቁም።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ብዙ ጊዜ 70 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ) በ35 ቀን ተከፍሎ፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ ለሰባት ሳምንት ይሰጣል። ህብለ ሰረሰር የሚችለው ግን ከ45 እስከ 50 ግሬይ ያህል ነው፤ ዕጢው ደግሞ አጠገቡ ሊሆን ይችላል። በዕጢው ዙሪያ ለስህተት የሚተወው ትርፍ ከ3 እስከ 5 ሚሊሜትር ነው። ታካሚው እንዳይንቀሳቀስ የሚደረግለት የፊት ጭምብል ብቻውን አያስተማምንም። ፕላስቲኩ 70 ዲግሪ ገደማ በሞቀ ውሃ ለስልሶ ፊት ላይ ይወጠርና ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል፤ ከሥሩ ግን አገጭ ሊዞር፣ ትከሻ ሊነሳ ይችላል። አተኛኘቱን ለማስተካከል ከግድግዳ የሚበራው የሌዘር መስመር ጭምብሉ ላይ ካለው ምልክት ጋር ቢገጥም የሚነግረን የጭምብሉን ቦታ ነው፤ የውስጡን አጥንት ቦታ ለማወቅ ምስል ያስፈልጋል።

ምስሉ በሦስት መንገድ ይነሳል። በማከሚያው ጨረር በራሱ የሚነሳው ሜጋቮልት ምስል አጥንትን አደብዝዞ ያሳያል፤ በዚያ ጉልበት አጥንትና ሥጋ ጨረሩን የሚያስቀሩት በተቀራራቢ መጠን ነው። ኪሎቮልት፣ ማለትም እንደ ተራ ራጅ ዝቅተኛ ጉልበት ያለው ጨረር ሲሆን አጥንቱ ጎልቶ ይወጣል፤ አንድ ከፊት፣ አንድ ከጎን ተነስቶ ለሕክምናው ዕቅድ አስቀድሞ ከተነሳው ሲቲ (ሰውነትን በንብርብር የሚያሳይ የራጅ ምስል) ጋር ይነጻጸራል። ኮን ቢም ሲቲ ደግሞ ማሽኑ አንድ ደቂቃ ያህል ታካሚውን እየዞረ ሥጋውንም ጭምር ያሳያል። የሰውነት መክሳትና የምራቅ ዕጢ መሸሽ የሚታወቀው በዚህ ነው።

ከሁሉም በላይ የምናመሰግናቸው ምስሉን በሚያነቡበት መንገድ ነው። ኮምፒውተሩ የዕለቱን ምስል ከዕቅዱ ሲቲ ጋር በራሱ ሲያገጥም ለተሰጠው ክልል በሙሉ አማካይ ይፈልጋል፤ መንጋጋ ከገባበትና አፍ እንደ መጀመሪያው ቀን ካልተከፈተ ወደዚያ ይሳባል። ስለዚህ መጀመሪያ የራስ ቅሉን ሥርና የላይኞቹን የአንገት አጥንቶች ያገጥማሉ፤ ቀጥለው ስድስተኛውንና ሰባተኛውን የአንገት አጥንት ለብቻ ያያሉ። ላዩ ገጥሞ ታቹ 4 ሚሊሜትር ከሸሸ አንገቱ ታጥፏል ማለት ነው፤ አልጋውን ማንቀሳቀስ አንዱን አስተካክሎ ሌላውን ያበላሻል። ያኔ ጭምብሉን ፈተው፣ የራስ መደገፊያውንና ትከሻውን አስተካክለው እንደገና ያነሳሉ።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ልዩነት መዝግበው አማካዩንም ያወጣሉ። አንድ ቀን ግራ፣ አንድ ቀን ቀኝ የሚል ስህተት በ35 ቀን ውስጥ ይቻቻላል፤ በየቀኑ ወደ አንድ ጎን የሚሄድ ግን የዕጢውን አንድ ጠርዝ ያለ በቂ ጨረር ሊያስቀር ስለሚችል ዋናው አደጋ እሱ ነው።

በሰሜን ሸዋ ላላችሁ ባልደረቦች፣ ታካሚያችሁን ለእነሱ ብታስረክቡ ደስ ይለናል። ከመላካችሁ በፊት ግን ንገሩት፤ ሹሩባ የተሠራች ሴት ጭምብሉ ከመሠራቱ በፊት ትፍታው፤ በኋላ ከተፈታ ጭምብሉ ይሰፋል። ፂምም እንዲሁ ቀድሞ ይስተካከል። ማተብ ላይ ያለ የብረት መስቀልና የሚወልቅ ጥርስ ሲቲውን ስለሚያበላሹ አስቀድሞ ይነጋገሩበት። መዋጥ ሲያቅት፣ በዚያ ላይ ጾም ሲጨመር ክብደት በፍጥነት ይወርዳል፤ ጭምብሉ ፊቱ ላይ ላላ ካለ ታካሚው ሳያፍር ይናገር፣ አዲስ ጭምብልና አዲስ ሲቲ ሊያስፈልገው ይችላል። ሪፈሩ ላይም ክብደቱን በኪሎ፣ ከተመዘነበት ቀን ጋር ጻፉላቸው።