ቦይዝ ላቭ ወይስ የጌይ ኮሚክ፦ ከየቱ ይጀመር?

ሁለቱም የጃፓን የስዕል ታሪኮች (ማንጋ) ናቸው፤ ሁለቱም ወንድና ወንድ ሲፋቀሩ ያሳያሉ። ልዩነታቸው ግን ሰፊ ነው። (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መነሻ፦ ቦይዝ ላቭ በ1970ዎቹ ከልጃገረዶች ማንጋ ወጣ። በብዛት ሴቶች ለሴቶች ይሠሩታል። የጌይ ኮሚክ በ1971 እንደጀመረው «ባራዞኩ» ባሉ የጌይ ወንዶች መጽሔቶች አደገ።

ስዕል፦ በቦይዝ ላቭ ቀጫጭን ቆንጆዎች። በጌይ ኮሚክ ደንዳና፣ ጺማም ወንዶች።

ለማግኘት፦ ቦይዝ ላቭ በሽ ነው።

ስጋት፦ በቦይዝ ላቭ፣ በተለይ በድሮዎቹ፣ ማስገደድ እንደ ፍቅር ሲሳል ያናድዳል። የጌይ ኮሚክ ደግሞ ብዙ ጊዜ ወሲቡን ሳይሸፍን ያሳያል።

ደስ የሚለው ድንበሩ ሲፈርስ ነው። ፉሚ ዮሺናጋ ከቦይዝ ላቭ መጥታ በ2007 «ሞርኒንግ» በተባለ የወንዶች ሳምንታዊ ላይ የጠበቃና የጸጉር አስተካካይ ጥንዶችን ኑሮ የሚተርክ ማንጋ ጀመረች። ፍቅራቸው በአብዛኛው ወጥ ቤት ውስጥ ነው! ጨከን ባለ የወሲብ ሥራው የሚታወቀው የጌይ ኮሚክ ሠዓሊ ገንጎሮ ታጋሜም በ2014 ቤተሰብ የሚያነበው ታሪክ ጀመረ፦ አንድ አባት፣ ትንሽ ልጁና የሟች መንትያው ካናዳዊ ባል። ታሪኩ በ2018 አይስነር የተባለውን የአሜሪካ የኮሚክ ሽልማት አገኘ።

ልብ ሰቀላና ናፍቆት ከፈለጉ፣ ቦይዝ ላቭ። ሰውነትንና ፍላጎትን ሳያሳምር የሚያሳይ ካሻዎ፣ የጌይ ኮሚክ። ካመነቱ በዮሺናጋ ይጀምሩ፤ ብቻ ባዶ ሆድ አይነበብም።