መዛኙንም የሚመዝን መሣሪያ፦ የሙድሉ «ወርክሾፕ»

እ.ኤ.አ. በ2020 ኮቪድ-19 ትምህርት ቤቶችን ሲያዘጋ፣ እኔን የመምህራን አሠልጣኙን የቸገረኝ የመማሪያ ክፍል ማጣት ብቻ አልነበረም። ሠልጣኞቼ የሚያስተምሯቸው ልጆችም አልነበሩም። ከኋላ ወንበር ተቀምጬ፣ ደብተሬን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ የማስተማር ልምምድ መመዘን ቀረ።

በዚያ ጊዜ ከሞከርኳቸው መሣሪያዎች እስከ ዛሬ ያልተለየኝ፣ ሙድል (Moodle) በሚባለው የኦንላይን ማስተማሪያ መድረክ ውስጥ ያለው፣ ሠልጣኞች አንዱ የሌላውን ሥራ የሚመዝኑበት «ወርክሾፕ» ነው። ሙድልን ለዓመታት ባውቀውም ከምርጫ ጥያቄው አልፌ አላየሁትም ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሠልጣኙ አሥር ደቂቃ ያስተማረበትን ቪዲዮ ማስፈንጠሪያ ከትምህርት ዕቅዱ ጋር ያስገባል። ከዚያ የሦስት ጓደኞቹ ሥራ ይደርሰዋል፤ እኔ ባወጣሁት መስፈርት ይመዝናቸዋል። ውጤቱም ሁለት ነው፦ ካልነካነው በስተቀር 80 ነጥብ ለሥራው፣ 20 ነጥብ ደግሞ ሌሎችን ለመዘነበት። ነገ የልጆች ደብተር ለሚያርም ሰው 20 ትንሽ ሆኖ ታየኝና ወደ 40 ከፍ አደረግሁት።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የመዛኙ ነጥብ የሚሰላው ያንኑ ሥራ ከመዘኑት ከሌሎቹ ጋር በመቀራረቡ ነው። አንዲት ሠልጣኝ የክፍልፋይ ትምህርት የሰጠው ጓደኛዋ ጥያቄ ጠይቆ ራሱ እንደሚመልስ ብቻዋን አስተውላ ዝቅተኛ ነጥብ ሰጠችው። ሌሎቹ በአንደበተ ርቱዕነቱ ተማርከው ስለነበር ተለይቶ የወጣው የእሷ ነጥብ ሆነ፤ የመዛኝነት ነጥቧም ዝቅ አለ። መምህሩ ይህን ማረም ይችላል፤ እኔ ግን ሳላይ አጸደቅሁት። ቅሬታዋን ስታቀርብ አፍሬ አስተካከልኩላት። አሁን ከሌሎቹ የራቀውን ምዘና መጀመሪያ አነባለሁ፤ ብዙ ጊዜ ወይ ግዴለሽ ነው ወይ ከሁሉም የተሻለ።

ወርክሾፑ አምስት ምዕራፎች አሉት፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግረው መምህሩ ነው። ረስቼ ሠልጣኞቼን ሁለት ቀን አስጠብቄያለሁ። የማስገቢያው ቀን ሲያልፍ በራሱ እንዲሻገር የሚያደርግ ምርጫ ስላለ ከመጀመሪያው ምልክት አድርጉበት።

ቪዲዮ ግን ሁሉንም አያሳይም። አንዱ ሠልጣኝ ያስተማረው ታናሽ ወንድሙንና ሦስት ትራሶችን ነበር። ትራስ አይረብሽም፤ መስኮት መስኮቱንም አያይም። ስለዚህ «የክፍል አያያዝ» የሚለውን ከመስፈርቱ አውጥቼ፣ ትምህርት ቤቶች ተከፍተው በአካል እስካየው ድረስ ቦታውን ባዶ ተውኩት።