ውሉን አራተኛው ገጽ ድረስ ላነበበችልን እህት ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

ይህን የምጽፈው በለንደንና በአካባቢዋ ለምትኖሩ፣ በተለይ ልጅ ይዛችሁ ለጥቂት ዓመታት ወደ አገር ቤት ለመሄድ ለምታስቡ ወላጆች ነው። ስለ ማንም እንዲህ በአደባባይ ጽፌ አላውቅም። የባለቤቴን የሥራ ውል አንብባ የልጄን የዩኒቨርሲቲ ክፍያ ጣጣ የፈታችልንን ይህችን አማካሪ ሳላመሰግን ብቀር ግን እግዚአብሔርም አይወደውም።

ነገሩ የጀመረው በፈረንጆች ነሐሴ 2022 ነው። የባለቤቴ መሥሪያ ቤት ለሦስት ዓመት አዲስ አበባ መደበው። ጦርነቱ ገና አላበቃም ነበርና ዘመድ አዝማድ «አብዳችኋል ወይ?» አለን። እኔ ደግሞ እናቴ እያረጀችብኝ ስለነበር ደስ ብሎኝ ሻንጣ አሰርኩ። ልጃችን ያኔ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ በአሥራ ስድስት ዓመት ግድም የሚፈተኑበትን፣ ሁለት ዓመት የሚፈጀውን የጂሲኤስኢ ትምህርት ገና ማጋመሷ ነበር። የእንግሊዝን ሥርዓተ ትምህርት ይከተላል የተባለ ትምህርት ቤት፣ ያውም በዶላር እየከፈልን አስገባናት። «ምንም ልዩነት የለውም፣ ያው ነው» ተባልን። ያው አልነበረም። ፈተናውን የሚያዘጋጀው አካል ሌላ ሆኖ ተገኘና ዓመት ሙሉ ያጠናችው የሥነ ጽሑፍ መጽሐፍ ገደል ገባ፤ ታሪክንም ከሀ ጀመረች። እናቴ እንግሊዝኛ አታውቅም፤ ግን እስከ እኩለ ሌሊት ነጠላዋን ተከናንባ አጠገቧ ትቀመጥና «እስቲ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢልኝ» ትላት ነበር። እንደዚያ እንደዚያ እያለች ልጄ ፈተናውን አለፈች፤ ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃው ኤ ሌቨልም ገባች። አማርኛዋም ተፈታ። አሁን ከእኔ ጋር ስትጣላ በአማርኛ ነው።

ከዚያ ዩኒቨርሲቲ መጣ። የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች ማመልከቻ በሚላክበት በዩካስ በኩል አምስት ቦታ አመለከተች፤ የመኖሪያ አድራሻ በሚለው ላይ አዲስ አበባ ሞላች፣ እውነቱ ያ ስለሆነ። በጣም የምትፈልገው ዩኒቨርሲቲ ተቀበላት። እልል ልል አፌን ስከፍት ደብዳቤው ከታች «የውጭ አገር ተማሪ» ይላል። በፈረንጆች 2025 የሚገባ የአገር ውስጥ ተማሪ በዓመት 9,535 ፓውንድ ሲከፍል እሷ 26,000 ልትከፍል ነው። የሦስት ዓመቱን ልዩነት እናንተው አስሉት፤ ወደ 50 ሺህ ፓውንድ ይጠጋል። በዚያ ላይ የመንግሥት የትምህርት ብድርም የማይታሰብ መሰለን። ለንደን ተወልዳ፣ ለንደን አድጋ!

ለካ ጥፋቱ ቀድሞ ተጀምሯል። ገና ከመሄዳችን በፊት ጠንቃቃ መሆኔ ነው ብዬ ገንዘብ ተቀብሎ የሚያማክር አንድ ሰው ጋ ሄጄ ነበር። ስሙን አላነሳም፤ እሱም ልጆች ይኖሩታል። 350 ፓውንድ ቆጥሮ ተቀበለኝና «ፓስፖርቷ የእንግሊዝ ነው አይደል? ታዲያ ምን ያስጨንቅሻል?» ብሎ በአሥር ደቂቃ አሰናበተኝ። ደብዳቤው ሲመጣ ደወልኩለት። መጀመሪያ «ስብሰባ ላይ ነኝ» አለ፣ ቀጥሎ ስልኩ አልነሳ አለ። ሌላ አዋቂ ነኝ ባይ ደግሞ «ተመልሳ ሦስት ዓመት ትቀመጥና ትግባ» አለን። በሃያ አንድ ዓመቷ ማለት ነው። ከዩኒቨርሲቲው ቢሮ የሚመጣው መልስም ሁልጊዜ ያው አንድ ጽሑፍ ነበር፤ ሦስት ጊዜ ጻፍኩ፣ ሦስት ጊዜ ነጥቡ ሳይቀር ያንኑ ላኩልኝ። እንቅልፍ አጣሁ። ባለቤቴን «አንተ ነህ ያመጣኸን» እስከ ማለት ደረስኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

በየካቲት የትምህርት ቤት ዕረፍት ልጄን ይዤ ለንደን መጣሁ። ቤተ ክርስቲያን ያገኘኋት አንዲት እናት ናት የጠቆመችኝ፤ በሰሜን ለንደን በአንድ የማኅበረሰብ ማዕከል ቅዳሜ ቅዳሜ በነጻ የምታማክር ልጅ አለች ብላ። በነጻ ሲባል፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ብዙም ተስፋ አላደረግሁም።

ገና ከመቀመጣችን «እትዬ፣ የባለቤትዎን የሥራ ውል ይዘዋል?» አለችኝ። ያ 350 ፓውንድ የበላ ሰው ስለ ውል አንዲት ቃል አልጠየቀኝም ነበር! የያዝኩት የመጀመሪያውንና ፊርማ ያለበትን ገጽ ብቻ ነው። «መካከሉንስ?» አለች። አዲስ አበባ ደወልኩ፤ ባለቤቴ ከሥራ ቦታው ገጽ በገጽ ፎቶ አንስቶ ላከ። አራተኛው ገጽ ደብዝዞ ስለነበር እንደገና አስላከችው። አትማ አመጣችና እርሳሷን በየመስመሩ ሥር እያስኬደች አነበበች። አንድ ቦታ ላይ እርሳሱ ቆመ። «ምደባው ጊዜያዊ ነው፤ ሲያበቃ ሠራተኛው ወደ ለንደን የሥራ ቦታው ይመለሳል» ይላል። አሰመረችበትና «እትዬ፣ ስንፈልገው የነበረው ይህ ነው» አለችኝ።

እኔ የገባኝን ያህል ነገሩ እንዲህ ነው። የአገር ውስጥ ተማሪ ለመባል ፓስፖርት ብቻውን አይበቃም። ትምህርቱ ከሚጀመርበት ዓመት መስከረም 1 በፊት (በእንቁጣጣሽ ሳይሆን በእነሱ መስከረም) ሦስት ዓመት መኖሪያሽ እዚህ ብሪታንያ መሆን አለበት። ነገር ግን ከአገር የወጣሽው አባትሽ ወይም እናትሽ ለጊዜው ውጭ ተቀጥረው ከሆነ፣ እዚህ እንደነበርሽ ይቆጠርልሻል። ጊዜያዊ መሆኑን ግን ማሳየት የአመልካቹ ፋንታ ነው። ዝርዝሩን እሷን ጠይቁ፤ እኔ ከዚህ በላይ ብናገር አሳስታችኋለሁ።

በጣም የነካኝ ሌላ ነው። ዩኒቨርሲቲው ምደባውን እንደገና እንዲያይልን የሚላከውን ማመልከቻ አማካሪዋ ራሷ ልትጽፈው ትችል ነበር። ወረቀቱን ወደ ልጄ ገፋ አደረገችና «የኔ ቆንጆ፣ ለንደን ምን ትተሽ እንደሄድሽ ጻፊልኝ» አለቻት። ልጄ በዚያ ወር ሙሉ ከማንም ጋር አታወራም ነበር፤ እኛን ያከሰረችን እሷ የሆነች ይመስል። አጎንብሳ ጻፈች፤ ያልሸጥነውን ቤታችንን፣ የጥርስ ሐኪሟን፣ በየክረምቱ እየተመለሰች የምትቀመጥበትን የአክስቷን ቤት፣ ጣሪያ ሥር የቀረ ብስክሌቷን። አማካሪዋ ስታነበው ሳቀችና «ብስክሌቱ ይቅር፣ ሌላው ሁሉ ማስረጃ ይፈለግለታል» አለች። ልጄም ሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ!

በሕማማት ሳምንት የዩኒቨርሲቲው መልስ መጣ፤ የአገር ውስጥ ተማሪ። ለአማካሪዋ ደውዬ ስነግራት እኔ አለቅሳለሁ፣ እሷ «ብድሩን የሚወስነው ሌላ መሥሪያ ቤት ነው፤ ይህንኑ ማስረጃ ለእነሱም ለብቻው ይላኩ፣ እንዳይዘናጉ» ትለኛለች። ያም ተሳካ። በሐምሌ ጠቅልለን ተመለስን፤ ልጄ አሁን አንደኛ ዓመት ናት።

ገንዘብ ብሰጣት እንቢ አለች። እናቴ የላከችላትን በርበሬ ግን ተቀብላለች፤ «ይህንንስ አልመልስም» ብላ።

ስሜን አትጻፊ ስላለችኝ አልጻፍኩም። የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አድራሻውን እሰጣችኋለሁ። እባካችሁ ሂዱ፤ ደብዳቤው ከመጣ በኋላ ሳይሆን ሻንጣ ከመታሰሩ በፊት ሂዱ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ትጀምራለች፣ በአበሻ አቆጣጠር ነው፤ ወረፋ ስላለ ቀደም በሉ። ውሉን ደግሞ ከነሙሉ ገጹ ያዙ።