ኔሽ እና ስታርቭድ፦ ሁለት የእንግሊዝ የብርድ ቃላት
በእንግሊዝ አገር መካከለኛና ሰሜናዊ አውራጃዎች ስለ ብርድ የሚነገሩ ሁለት የዘዬ ቃላት የሚቀራረቡ ቢመስሉም አገልግሎታቸው የተለያየ ነው። በኖቲንግሃምሻየር፣ በደርቢሻየርና በስታፎርድሻየር በተለይ የሚታወቀው «ኔሽ»፣ በጥንታዊው እንግሊዝኛ ለስላሳ ማለት ከነበረ ቃል ወርዶ፣ ዛሬ ትንሽ ነፋስ በነካው ቁጥር ካፖርት የሚፈልገውን፣ ብርድ የማይችለውን ሰው ይገልጻል። ነቀፌታም አለበት፤ ሰውየውን ቅምጥል እንደ ማለት ስለሆነ፣ ለወዳጅ በቀልድ ቢባል ይሻላል እንጂ ለማያውቁት ሰው አይመከርም።

«ስታርቭድ» ግን ጠባይን ሳይሆን ጊዜያዊ ሁኔታን ይናገራል፦ አንድ የዮርክሻየር አዛውንት «ስታርቭድ ነኝ» ቢሉ፣ ብርድ አንዘፈዘፈኝ ማለታቸው ሊሆን ይችላል። የቃሉ መነሻ መሞት የሚል ግስ ሲሆን፣ መደበኛው እንግሊዝኛ ትርጉሙን ወደ ረኃብ ሲያጠብበው ሰሜኑ ብርዱንም ይዞ ቆየ። ጆሴፍ ራይት እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ከ1898 እስከ 1905 ባሳተመው የዘዬ መዝገበ ቃላት ሁለቱም ይገኛሉ። ለእንግሊዝኛ ተማሪ ይበልጥ አሳሳቹ፣ በእኔ ግምት፣ ሁለተኛው ነው፤ ኔሽን የማያውቅ ሰው ትርጉሙን ይጠይቃል፣ ስታርቭድን የሰማ ግን የገባው መስሎት ምግብ ያቀርባል።