ለሪሞት ትራክ መሪ የትኛው ሰርቮ ያዋጣል? ኤምጂ996አር፣ ዲኤስ3218 እና ሳቮክስ 0231 ሲነጻጸሩ

ሰርቮ ማለት በሪሞት የሚነዳ አነስተኛ መኪና (ትራክ) የፊት ጎማን የሚያዞር ትንሽ ሞተር ነው። ድሬዳዋ ላይ የትራክ መሪ ሰርቮ የሚፈተነው የደቻቱ ወንዝ ሲደርቅ ነው። አሸዋው የፊት ጎማውን ግራና ቀኝ አፍኖ ይይዘዋል፤ ሰርቮው ደካማ ከሆነ መሪው ሳይዞር እዚያው እየጮኸ ይግላል፣ ቆይቶም ይቃጠላል። ሐረር ደግሞ ጠላቱ ድንጋይ ነው። የጁገል ንጣፍም ሆነ የሐኪም ተራራ ቋጥኝ ጎማውን ሲመታው ምቱ በቀጥታ ሰርቮው ውስጥ ላለው ጥርስ ይደርሳል። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት ትራኩ የት እንደሚነዳ ይወስኑ።

ሦስቱም መደበኛ መጠን ያላቸው፣ ወደ 40 በ20 ሚሊሜትር የሚጠጉ ሰርቮዎች ናቸው፤ 1/10 ትራክ (የእውነተኛው መኪና አንድ አሥረኛ መጠን ያለው) ላይ ብዙ ሳያስቸግሩ ይገባሉ። የሦስቱም መውጫ ዘንግ 25 ጥርስ ስላለው ክንዱን (ዘንጉ ላይ ተጭኖ መሪውን የሚገፋውን ቁራጭ) ከአንዱ ወደ ሌላው ማዛወር ይቻላል። 23 ወይም 24 ጥርስ ላለው ሰርቮ የተሠራ ክንድ ግን በግድ አይጫን። የገባ ይመስላል እንጂ ጥርሱን በልቶ መሪውን ያላላል።

ኤምጂ996አር ከሦስቱ ርካሹ ነው። በ6 ቮልት 11 ኪሎ የማዞር ጉልበት እንዳለው ይጻፍለታል፤ ጥርሱ ብረት ነው፣ 55 ግራም ይመዝናል። ለቀላል ትራክ፣ ለከዚራ አስፋልትና ለጠንካራ መሬት ይበቃል። ድክመቱ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ገበያው በኮፒ የተሞላ በመሆኑ አንድ ዓይነት ስም የተለጠፈባቸው ሁለት ሰርቮዎች እኩል ላይሠሩ ይችላሉ። ሁለተኛው፣ የሳጥኑ መጋጠሚያ የጎማ ማሸጊያ የለውም። ደቃቅ አሸዋ በስንጥቁ ይገባና ከውስጡ ግሪስ ጋር ይቦካል፤ ያ ጥቁር ጭቃ ጥርሱን እንደ ሞረድ ይበላዋል። ክንዱን በጣት ሲነቀንቁት ወዲያ ወዲህ ካለ ጥርሱ ተበልቷል ማለት ነው።

ዲኤስ3218 ዋጋው ከፍ ይላል፣ ግን ልዩነቱ የሚገባው ነው። በ5 ቮልት 19፣ በ6.8 ቮልት ደግሞ 21 ኪሎ ገደማ ይጻፍለታል፤ መጋጠሚያው ላይ ማሸጊያ ስላለው አቧራና ርጥበት ይችላል። አሸዋ ላይ ለሚነዳ ትራክ የእኛ ምርጫ ይኸው ነው። ሲገዙ ግን ተለጣፊውን በደንብ ያንብቡ፤ 180 እና 270 ዲግሪ የሚባሉ ሁለት ዓይነቶች አሉት። ለመሪ የሚሆነው 180ው ነው። 270ው ለተመሳሳዩ የሪሞት ትእዛዝ አብዝቶ ስለሚዞር የመሪውን ዘንግ (ክንዱን ከጎማው ጋር የሚያገናኘውን) እስከ ጫፍ ገፍቶ ያጣብቀዋል።

ሳቮክስ 0231 በ6 ቮልት 15 ኪሎ ነው። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ለምን የበለጠ ይከፈልበታል ሊል ይችላል። የሚከፈለው ለአሠራሩ ነው፤ ውኃ እንዳያስገባ የታሸገ ነው፣ መሐሉንም ሳይዛነፍ ይይዛል። ቋጥኝ ላይ ቀስ እያለ ለሚወጣ ትራክና አቅሙ ላለው ሰው ይሆናል። ለአሸዋ ጨዋታ ብቻ ከሆነ ግን ገንዘቡን ለባትሪ ቢያውሉት ይሻላል።

ትራክሳስ ስላሽ የተባለው ትራክ ያለው ሰው አብሮት የሚመጣው 2075 ሰርቮ እስኪሰበር ድረስ ሌላ አይግዛ። ወደ 9 ኪሎ የሚሆን ጉልበት አለው፣ ውኃም ይችላል፤ የሚሸነፈው የፕላስቲክ ጥርሱ ነው።

የተጻፈው ኪሎ የሚለካው ከዘንጉ መሐል 1 ሴንቲሜትር ርቀት ላይ ነው። የመሪውን ዘንግ 2 ሴንቲሜትር ላይ ባለው ቀዳዳ ካሰሩት የ20 ኪሎው ሰርቮ የሚገፋው በ10 ኪሎ ነው። መሪው ከከበደ ሌላ ሰርቮ ከመግዛት በፊት ወደ ውስጠኛው ቀዳዳ ያዛውሩት። የጎማው መዞሪያ ትንሽ ይቀንሳል፣ ጉልበቱ ግን ይጨምራል።

አብዛኛው ገዢ የሚዘለው ኤሌክትሪኩን ነው። ሰርቮው የሚመገበው ከስፒድ ኮንትሮለሩ (ከባትሪው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኃይል ከሚቆጣጠረው ክፍል) ነው፤ የርካሽ ትራኮች ኮንትሮለር ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 3 አምፔር ብቻ ይሰጣል። ኤምጂ996አርም ሆነ ዲኤስ3218 ጎማው ሲያዝባቸው 2 አምፔር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይስባሉ። ያን ጊዜ ቮልቱ ይወድቃል፣ የሪሞቱን ትእዛዝ የሚቀበለው ሪሲቨር ጠፍቶ ይበራል፣ ትራኩም መሐል መንገድ ላይ ይደነዝዛል። ብዙ ሰው ጥፋቱን በሪሞቱ ያሳብባል። ለማረጋገጥ ትራኩን ሲሚንቶ ላይ አቁመው መሪውን ከጫፍ ጫፍ እያዞሩ በሪሲቨሩ ባዶ ቀዳዳ ላይ በቴስተር ይለኩ። ከ4.8 ቮልት በታች ከወረደ ወደ 6 ቮልት የተስተካከለና 5 አምፔር የሚችል የተለየ ቮልት መቀነሻ ይግጠሙ፤ ከኮንትሮለሩ ወደ ሪሲቨሩ የሚሄደውን ቀይ ሽቦ ግን ነቅለው በቴፕ ይሸፍኑት፣ አለዚያ ሁለቱ ምንጮች ይጋጫሉ። ሰርቮውን በቀጥታ ከባለ 2 ሴል ሊፖ ባትሪ ጋር ማገናኘት ደግሞ ማቃጠል ነው፤ ባትሪው ሲሞላ 8.4 ቮልት ይደርሳል።

ሲገጥሙ መጀመሪያ ክንዱን ሳይጭኑ ሪሞቱን ከዚያ ትራኩን ያብሩና ትሪሙን (በሪሞቱ ላይ ያለውን የመሪ መሐል ማስተካከያ) ዜሮ ላይ ያድርጉ፤ ሰርቮው መሐሉን ይይዛል። ከዚያ ክንዱን ከመሪው ዘንግ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን እንዲሠራ ይጫኑት። የመሐሉን ብሎን በሰማያዊ የብሎን ማጣበቂያ ጠብታ ያጥብቁ፣ ያለዚያ ንዝረቱ ይፈታዋል። በመጨረሻ መሪውን እስከ ጫፍ ያዙሩና ያዳምጡ። ጫፍ ላይ የሚጮህ ከሆነ ጎማው ቆሞም ሰርቮው እየገፋ ነው፤ ጩኸቱ እስኪጠፋ ድረስ በሪሞቱ ላይ የመጨረሻ ነጥቡን (የመሪውን መዞሪያ ገደብ) ይቀንሱ። በድሬዳዋ ቀትር ይህን ያልቀነሰ ሰርቮ በጥቂት ደቂቃ እጅ የማያስነካ ይሆናል።