ወንድሜ ፕሮቤሽን ጥሷል ተብሎ በተከሰሰ ጊዜ ለቆሙልን ጠበቃ

ይህን ምስጋና የምጽፈው በወንድሜ ፈቃድ ነው፤ ስሙንም ሆነ የሚኖርበትን ስቴት ላልጠቅስ ተስማምተናል። ታናሽ ወንድሜ እዚህ አሜሪካ ከስርቆት ጋር በተያያዘ ክስ ጥፋቱን አምኖ፣ ዳኛው የእስራት መጠን ሳይወስኑበት የ3 ዓመት ፕሮቤሽን፣ ማለትም ከመታሰር ይልቅ ግዴታዎችን እየፈጸመ በውጭ በክትትል የሚቆይበትን ጊዜ፣ ሰጥተውት ነበር። ሁለት ዓመት ያህል ያለ እንከን ከሄደ በኋላ ይሠራበት የነበረው መጋዘን ሠራተኛ ሲቀንስ እሱም አብሮ ወጣ፤ የቤት ኪራይ መክፈል ሲያቅተው ዕቃውን ጭኖ እኔ ዘንድ ገባ፤ በየወሩ የሚከፍለውን ካሳ ለሦስት ወር አቋረጠ፤ ከተቆጣጣሪው መኮንን ጋር ከነበሩት ቀጠሮዎችም በሁለቱ ሳይገኝ ቀረ። የፍርድ ቤቱ መጥሪያ በቀድሞ አድራሻው ተልኮ ኖሯል። የድሮ አከራዩ አስታውሶ ሲያመጣልን የቀጠሮው ቀን አልፎ የመያዣ ትእዛዝ ወጥቶበታል።

በዚያ ሳምንት የሰማነው ምክር ብዛቱ አይጣል ነው። አንዱ ዘመድ ወደ ሌላ ስቴት ሄዶ ነገሩ እስኪበርድ እንዲቀመጥ መከረ። መጀመሪያ ያነጋገርነው ጠበቃ ደግሞ ወረቀቱን ለአሥር ደቂቃ ያህል አገላብጦ «ቀላል ነገር ነው፣ አትጨነቁ» አለንና ስለ ክፍያው ማውራት ጀመረ፤ ወንድሜ ዜጋ ይሁን አይሁን እንኳ አልጠየቀም። የማመሰግናቸውን ጠበቃ የጠቆመችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት፣ እሷንም እግዚአብሔር ይስጣት።

እኚህ ሴት ገና እንደተቀመጥን የጠየቁት ወንድሜ ፕሮቤሽኑን ሲቀበል የፈረመበትን የግዴታዎች ዝርዝር ነበር። ወረቀቱ ሁለት ገጽ ሲሆን በእያንዳንዱ ግዴታ ጎን ወንድሜ የስሙን መነሻ ፊደላት አኑሮበታል። እኔ ላስተረጉም ስጀምር በትሕትና አስቆሙኝና ወንድም የወንድሙ አስተርጓሚ መሆን እንደማይገባው ነግረው በስልክ ባለሙያ አስተርጓሚ አስገቡ፤ ከዚያም ጣታቸውን መስመር በመስመር እያስኬዱ እያንዳንዱን ግዴታ በራሱ ቃል እንዲያስረዳቸው ጠየቁት። ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ ወንድሜ ዝም አለ። አድራሻ ሲቀየር በጽሑፍ ማሳወቅ ግዴታ መሆኑን ያወቀው ያን ዕለት ነው። እሱ ለመኮንኑ በስልክ የድምፅ መልእክት ትቶ ነበር፣ ያም የበቃ መስሎት ነበር።

ቀጥለው ቁርጣችንን ነገሩን። እኛ የምናውቀው ችሎት ጁሪ (ጥፋተኝነትን የሚወስኑ ከሕዝብ የተመረጡ ሰዎች) የሚቀመጥበት፣ ዐቃቤ ሕግም ጥፋቱን ከጥርጣሬ በላይ እንዲያስረዳ የሚገደድበት ሲሆን፣ ፕሮቤሽን ተጥሷል በሚል ክስ ግን ጁሪ የለም፤ የሚወስኑት ዳኛው ብቻቸውን ናቸው፤ በአብዛኞቹ ስቴቶችም የማስረጃው ሚዛን ትንሽ እንኳ ወደ ዐቃቤ ሕግ ካደላ ይበቃል፤ በመደበኛው ችሎት የማይፈቀድ የስሚ ስሚ ማስረጃ ሳይቀር ሊሰማ ይችላል። በዚህም ምክንያት በአዲስ ወንጀል ተከስሶ ነጻ የተባለ ሰው በዚያው ድርጊት ፕሮቤሽኑን ጥሷል ሊባል እንደሚችል ሲነግሩን አላመንኳቸውም ነበር። ይህ ማለት ግን ተከሳሹ መብት የለውም ማለት እንዳልሆነ አክለው፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1973 በጋኞን እና ስካርፔሊ ጉዳይ ላይ በሰጠው ውሳኔ መሠረት ጥሰቱ በጽሑፍ ሊነገረው፣ ማስረጃውን ሊያይ፣ የራሱን ምስክሮች ሊያቀርብና ሊደመጥ እንደሚገባ አስረዱን።

ውጤቱ ምን ሊሆን ይችላል ስንል አንዱን ብቻ መርጠው አላጽናኑንም። ዳኛው በማስጠንቀቂያ ሊያልፉት፣ ጊዜውን ሊያራዝሙበት፣ ተጨማሪ ግዴታ ሊጭኑበት፣ ወይም ፕሮቤሽኑን ሽረው ለመጀመሪያው ወንጀል ሕጉ የሚፈቅደውን እስራት ሊወስኑበት ይችሉ ነበር። ወደ ሌላ ስቴት መሸሹ ከድጡ ወደ ማጡ እንደሆነም የተረዳነው ያኔ ነው፤ በብዙ ቦታ የመያዣ ትእዛዝ እያለ በሽሽት ያለፈው ጊዜ ከፕሮቤሽኑ አይታሰብም፤ መሸሹ ራሱም ካመለጡት ሁለት ቀጠሮዎች የከበደ ጥሰት ይሆናል።

አሁን የማፍርበትን ነገር ልናገር። ቤተሰቡ ተመካክሮ፣ በቀሩት ቀጠሮዎች ዕለት ወንድሜ ታሞ እንደነበር የሚገልጽ ደብዳቤ ከአንድ ከምናውቀው ሰው ሊያጽፍ አስቦ ነበርና ሐሳቡን ያቀረብኩላቸው እኔ ነኝ። እስክሪብቶአቸውን ጠረጴዛው ላይ አኑረው ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ «ይህን ሁለተኛ እንዳልሰማው። እስካሁን በእጁ ያለው ጥፋት ቀጠሮ መርሳት ነው፤ እናንተ ሐሰተኛ ማስረጃ ልትጨምሩበት ነው» አሉ። ቀጠሮዎቹንና አድራሻውን በተመለከተ ወንድሜ ጥፋቱን ሳያስተባብል እንዲያምን፣ የምንከራከረው በካሳው ላይ ብቻ እንዲሆን የወሰኑት በዚያው ቀን ነው። እስከ ችሎቱ ድረስ ቀጠሮውን ሳያጓድል መኮንኑ ዘንድ እንዲቀርብ፣ ስለ ጥሰቱ ዝርዝር ግን ያለ እሳቸው እንዳያወራም አስጠነቀቁት፤ ለመኮንን የተነገረ ቃል በኋላ ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብ እንደሚችል ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1984 መወሰኑን ነግረውታል።

የካሳው ክርክር የቆመው እ.ኤ.አ. በ1983 በተወሰነው የቢርደን ጉዳይ ላይ ነው። ቢርደን ማንበብ የማይችል የጆርጂያ ሰው ሲሆን 500 ዶላር መቀጮና 250 ዶላር ካሳ እንዲከፍል ታዝዞ የመጀመሪያውን 200 ዶላር ከወላጆቹ ተበድሮ ከፈለ፤ ብዙም ሳይቆይ ከሥራ ተቀነሰና ቀሪውን መክፈል ሲያቅተው ፕሮቤሽኑ ተሽሮ ታሰረ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን ውሳኔ ሲሽር፣ ዳኛ አንድን ሰው ባለመክፈሉ ከማሰሩ በፊት ያልከፈለው እያለው እምቢ ብሎ ነው ወይስ አጥቶ ነው የሚለውን መመርመር እንዳለበት ደነገገ። ጠበቃችን ግን ይህን ጠቅሶ መናገር ብቻውን እንደማይበቃ ስለሚያውቁ ወንድሜ የጫማ ካርቶን ሙሉ ወረቀት እንዲያመጣ አደረጉ። ከሥራ የተቀነሰበትን ደብዳቤ፣ የመጨረሻውን የደመወዝ ወረቀት፣ ሥራ ለመጠየቅ የላካቸውን ማመልከቻዎች፣ ከመቀነሱ በፊት ካሳ የከፈለባቸውን ደረሰኞች በሙሉ ጠረጴዛው ላይ በየወሩ ደርድረው፣ ባዶ የሆኑትን ሦስት ወራት በቢጫ ወረቀት ምልክት አደረጉባቸው። ሥራ ያጣበትና መክፈል ያቆመበት ወር አንድ መሆኑ ለማንም ግልጽ ነበር።

ከሁሉ በላይ የማመሰግናቸው ግን የቀደመው ጠበቃ ላልጠየቀው ጥያቄ ነው። ወንድሜ ግሪን ካርድ እንጂ ዜግነት የለውም። በኢሚግሬሽን ሕግ የስርቆት ወንጀል የ1 ዓመት ወይም ከዚያ የበለጠ እስራት ከተወሰነበት «አግራቬትድ ፌሎኒ» ከሚባሉት፣ ከአገር ሊያስባርሩ ከሚችሉ ከባድ ወንጀሎች ይመደባል፤ እስራቱ ቢታገድ እንኳ እንደተወሰነ ይቆጠራል። የመጀመሪያው ዳኛ የእስራት መጠን ስላልወሰኑ ወንድሜ እስከዚያ ድረስ ከዚህ አደጋ ውጭ ነበር፤ ፕሮቤሽኑ ተሽሮ አንድ ዓመት ቢወሰንበት ግን ከሁለት ዓመት በፊት ያመነው ጥፋት ከአገር ለመባረር ሊያበቃው ይችል ነበር። ስለዚህ ከዐቃቤ ሕጉ ጋር በተነጋገሩ ቁጥር እስራት የግድ ከሆነ ከ364 ቀን እንዳያልፍ አጥብቀው ይዘዋል። እኛ የምንጨነቀው ስንት ወር ይታሰራል እያልን ነበር፤ እሳቸው የሚጠብቁት ያችን አንዲት ቀን ነበር።

እጁን የሰጠው ሰኞ ጠዋት ነው። ዓርብ ከሰዓት እጁን የሰጠ ሰው ዳኛ ሳያይ ቅዳሜና እሑድን ታስሮ ሊያድር እንደሚችል ስለሚያውቁ ቀኑን የመረጡት እሳቸው ናቸው፤ ከችሎቱ ጸሐፊ ጋር አስቀድመው ተነጋግረው፣ አብረውትም ገብተው፣ በዚያው ዕለት እስከ ቀጠሮው በውጭ እንዲቆይ አስፈቀዱለት። በዋናው ችሎት ወንድሜ ሁለቱን ጥሰቶች አመነ፤ ዐቃቤ ሕጉ ወረቀቶቹን ካዩ በኋላ የካሳውን ክስ አነሱ። ዳኛው ገሥጸውት ፕሮቤሽኑን በ6 ወር አራዘሙ፣ የ40 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት ጨመሩበት፣ ወርኃዊ ክፍያውንም ባለው ገቢ መጠን ዝቅ አደረጉለት። እስራት አልወሰኑበትም።

ጥቆማዬ ሚዛናዊ እንዲሆን ይህንንም ልጨምር። እኚህ ጠበቃ ማባበል አይሆንላቸውም፤ ማታ ስልክ አያነሡም፤ ለላክሁላቸው ረጅም መልእክት የሚመልሱት በሁለት መስመር ነው። እናቴ አንድ ቀን «ልጄ ይወጣልኛል?» ብላ በአስተርጓሚ ስታስጠይቃቸው «አላውቅም እማማ፣ የማውቀው ነገ ምን እንደምሠራ ነው» ብለዋታል። እናቴ ያን ሌሊት ባትተኛም ዛሬ ስማቸውን ሳትጠራ ጸሎቷን አትጨርስም።

ፈቃዳቸውን ስላልጠየቅሁ ስማቸውን እዚህ አልጻፍኩም። ተመሳሳይ ችግር የገጠመው በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ፣ እነግረዋለሁ። ስትደውሉላቸው የፈረማችሁበትን የግዴታዎች ዝርዝር በእጃችሁ ይዛችሁ ይሁን፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።